እንደ ቢላዋ የተሳለ ስኪ

ቪዲዮው አርባ ሰከንድ ነው። የቀረጽኩት ራሴ ነኝ። አውቶቡሴን ኮሎምቢያ ሃይትስ መጨረሻው ፌርማታ ላይ አቁሜ መነሻ ሰዓቴን በምጠብቅባት ሰባት ደቂቃ ውስጥ ስልኬን አወጣና አየዋለሁ፤ ከዚያ እንደገና አየዋለሁ። ልጄ ቀይ ሄልሜት አድርጋ፣ ስኪ የሚባለውን የበረዶ መንሸራተቻ ተጫምታ ከኮረብታው ላይ ትመጣለች። ለመታጠፊያ ከተተከሉት ዘንጎች የመጀመሪያውን በግራ፣ ሁለተኛውን በቀኝ ታልፋለች። «ጎበዝ! የኔ አንበሳ!» የሚለው ድምፅ የኔ ነው። ሦስተኛው ዘንግ ጋ ስትደርስ ግራ እግሯ ላይ ያለው ስኪ በረዶውን ነክሶ ይቀራል፤ እሷ ግን ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የሚታየው ሰማይና የኔ ጫማ ነው።

ያንን ስኪ የሳልኩት እኔ ነኝ። የጣላት የኔ ስለት መሆኑን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሸክሜው ዞርኩ። ልጄ የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ሶፋ ላይ ተጋድማለች። ለጠየቃት ሁሉ «የራሴ ጥፋት ነው፣ ድሮም ጎበዝ አልነበርኩም» ትላለች። እኔ አጠገቧ ሆኜ እሰማለሁ፣ ሻይዋን አቀብላለሁ፣ ትራሷን አስተካክላለሁ፣ አፌን ግን አልከፍትም። ልጅቷ በኔ ጥፋት ራሷን ንቃ የምትወደውን ነገር ልታቆም ነው። ከኔ የሚጠበቀው «እኔ ነኝ» ማለት ነው። ሁለት ቃል! በቀን አራት መቶ ሰው «ደህና ዋሉ» የምል ሰውዬ ሁለት ቃል አቃተኝ።

በቤተክርስቲያናችን ሰዎች ዘንድ ቢላዋ ማለት እኔ ነኝ። ለገናና ለፋሲካ ስምንት አስር አባወራ ሆነን፣ እኛ ካለንበት ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ወደ ደቡብ ወረድ ብለን ከአንድ ገበሬ በሬ እንገዛለን፤ እዚያው አርደን ቅርጫ እንካፈላለን። በሬ የሚመርጥ አለ፣ የሚያርድ አለ፣ መደቡን የሚደለድል አለ። ቢላዋ የሚስለው ግን እኔ ነኝ። ሰዉ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ቢላዋ መጣ?» ነው የሚለው። ሞረዴን ይዤ ቁጭ እላለሁ፣ ግራና ቀኙን እስላለሁ፣ በጥፍሬ እሞክራለሁ። የኔ ቢላዋ የሚታወቅበት አንድ ነገር አለ። ብረት ሲሳል በወዲያኛው ጎኑ ክር የምታህል ሻካራ ነገር ትወጣለች፤ ሌላው ሰው ያችን አሽቶ ያጠፋታል፣ እኔ እተዋታለሁ። ትኩስ ሥጋ ሙልጭልጭ ስለሚል ጥርስ የሌለው ቢላዋ ይልሰዋል እንጂ አይቆርጠውም። «የሱ ቢላዋ ይነክሳል» ይሉኛል። ይህንን ሲሉኝ እንደ ሕፃን ደስ ይለኛል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ብዙ የምመሰገንበት ነገር የለኝም።

ስኪን ወደ ቤታችን ያመጣችው ልጄ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ የትምህርት ቤቷን የስኪ ቡድን የፈቃድ ወረቀት ይዛ መጥታ «እዚህ ጋ ፈርምልኝ» አለችኝ። «ሰው በረዶ ላይ በእግሩ ቆሞ ሲሄድ ተመስገን ይላል፣ አንቺ ሆን ብለሽ ልትንሸራተቺ?» አልኳት። ባለቤቴ ደግሞ በአረጋውያን መጦሪያ ስለምትሠራ ዳሌያቸው የተሰበረውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠረችላት። ቢሆንም ፈረምኩ። ሁለት ዊንተር ሙሉ ስትወዳደር አንድ ቀን ሄጄ አላየኋትም፤ ውድድሩ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እኔም ከሰዓት በኋላ መሪ ላይ ነኝ። ይቅርታ ስጠይቃት «ኢትስ ኦኬ፣ ዳድ» ትላለች። ያ «ኢትስ ኦኬ» ሆድን እንዴት እንደሚያቃጥል የወለደ ያውቀዋል።

ዘንድሮ ጥር ላይ ራት እየበላን «ስኪዬ አልይዝ አለኝ» አለች። በረዶው ድንጋይ የሆነበት ቦታ ላይ ስትታጠፍ ይሸሻታል። አሠልጣኟ ስለቱ ደንዟል ብሏታል፤ ሐሙስ ሐሙስ የቡድኑን ስኪ የሚስል ሰው ስላለ ይዘሽ ነዪ ብሏታል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ስለት የሚለውን ብቻ ነው። ልጅቷ እድሜዋ አስራ ስድስት ነው። ሂሳቧን አላስረዳት፣ ለኮሌጅ ምን እንደሚጻፍ አላውቅ፣ የስኪውን ሕግ አላውቅ። ባንክ ስንሄድ እንኳ እሷ ናት የምታወራልኝ። አሁን ግን ከሰማይ የወረደ ነገር መጣልኝ። «ለማንም እንዳትሰጪ!» አልኳት። «አባትሽ እያለ?»

«ዳድ፣ ይሄ እኮ ይለያል። አንግል አለው፣ መለኪያ አለው…»

«ለኔ ስለ ስለት ልታስተምሪኝ ነው? አንቺ ሳትወለጂ ስንት በሬ ያወራረደ ቢላዋ ስያለሁ!»

እኔ ስቆጣ ድምፄ ቤቱን ይሞላዋል። ክፋት የለበትም፣ ወዲያው ይበርድልኛል፣ ግን ይሞላዋል። ልጄ ሰሃኗን አነሳችና «ኦኬ» ብላ ወደ ማጠቢያው ሄደች። ባለቤቴ በዓይኗ ገላመጠችኝ። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ እኔ ጋ ልብ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር የለም።

ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ጋራዥ ገባሁ። ስኪን ቀረብ ብዬ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ከላይ ቀለም፣ ከታች ጥቁር ፕላስቲክ፤ ግራና ቀኙን ከአፍንጫው እስከ ጭራው ቀጭን ብረት ተለብጦበታል። በቃ ረጅም ቢላዋ ነው አልኩ። እንዳይጫርባት ፎጣ ጠቅልዬ ሞርሳ በሚባለው የብረት መቆንጠጫ ላይ አጠበቅኩት። ለዚሁ ብዬ አዲስ ሞረድ ልገዛ ስሄድ አጠገቡ አንዲት ትንሽ መያዣ ተሰቅላ አይቼ ነበር፤ ሞረዱን በልክ አዘንብላ የምትይዝ ናት። ይቺ ለማያውቅ ሰው ናት ብዬ ትቻት መጣሁ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠራሁ። ከጎን ሳልኩት። ገለበጥኩና በረዶውን በሚነካው በኩልም ሳልኩት፤ ቢላዋ በአንድ ጎኑ ብቻ አይሳልማ። አፍንጫውንም ጭራውንም ሳልኩ። የብረት ብናኝ ጫማዬን አለበሰው። ያችን ሻካራ ክር በጣቴ ፈለግኳት፤ ከዳር እስከ ዳር አለች፤ ተውኳት። በረዶስ ሙልጭልጭ ያለ ነገር አይደል? መንከስ አለበት። በጥፍሬ ስሞክረው ጥፍሬን እንደ ሽንኩርት ላጠው። ወገቤ እስኪቆረጥ ድረስ ጎንብሼ ስለነበር ቀና ስል ሳላስበው አቃሰትኩ፣ ግን ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። ጣቷን ዘረጋ ስታደርግ «ተይ፣ ይቆርጥሻል!» አልኳት፤ እጇን ሰበሰበች። «ዋው፣ ዳድ» አለችና አቀፈችኝ። እኔም ቀኑ የኔ መሆኑን አውቄ፣ «ደግሞ ማክሰኞ ሺፍቴን ከአንድ የሥራ ጓደኛዬ ጋር ቀይሬያለሁ። መጥቼ ላይሽ ነው» አልኳት። በአማርኛ «በእውነት? በእውነት?» እያለች ሁለቴ ጠየቀችኝ። ልጄ ደስ ብሏት በአማርኛ ካወራችኝ ስንት ጊዜዋ ነው!

የሚወዳደሩበት ኮረብታ ከቤታችን ሃያ ደቂቃ ያስነዳል። ሰኞ ቀን ላይ በረዶው ቀለጥ ብሎ ስለነበር ማክሰኞ በላዩ ረግቶ መስታወት ሆኗል። ጥሩ፣ አልኩ በልቤ፣ ስለቴ የሚታይበት ቀን ነው። ሌሎቹ ወላጆች ታጣፊ ወንበርና ቴርሞስ ይዘው መጥተዋል፤ እኔ የሥራ ጃኬቴን ለብሼ አጥሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። አጠገቤ ለነበረችው ሴትዮ ማንም ሳይጠይቀኝ «የልጄን ስኪ የሳልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ኦ፣ ግሩም ነው» አለችኝ። ከዚያ የልጄ ቁጥር ተጠራና ስልኬን አወጣሁ።

ጩኸቷን አልጽፈውም። አጥሩን እንዴት እንደዘለልኩት አላስታውስም፤ ሁለት ጊዜ ወድቄ በእጄና በጉልበቴ ነው የደረስኩባት። ቀይ ጃኬት የለበሱ የኮረብታው ሠራተኞች ተንሸራታች አልጋ ይዘው መጥተዋል። ጎንበስ ስልባት ፊቷ አመድ መስሏል። «ሶሪ፣ ዳድ» አለችኝ። እኔን! እሷ ናት እኔን ሶሪ የምትለኝ። «ዝም በይ፣ የኔ እናት፣ ዝም በይ» አልኳት።

ስኪዎቹን አንድ ሰውዬ መኪናዬ ድረስ አመጣልኝ። ሲያቀብለኝ ጠርዙ መዳፉ ላይ ሸተት አለና የቆዳ ጓንቱን ለሁለት ሰነጠቀው። ጓንቱን አየ፣ ስኪውን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ያኔ ነው ስለቴን የጠረጠርኩት። ስኪዎቹን የመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወርውሬ ከአምቡላንሱ ኋላ ተከትዬ ነዳሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ለዘብ ብሎ ነው የሚያወራው። ጅማቱ ሙሉ ለሙሉ ተበጥሷል፤ እብጠቱ ሲጎድል ኦፕራሲዮን ትደረጋለች፤ ወደ ስፖርት ለመመለስ ዘጠኝ ወር፣ ምናልባትም ዓመት ይፈጃል አለን። ባለቤቴ ከሥራ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር መጥታ ነበር። «ማነው ያንን ወረቀት የፈረመው?» አለችኝ ኮሪደሩ ላይ። «እኔ ነኝ» አልኳት። ስለ ወረቀቱ ማመን እንዴት ቀለለኝ! ዋናውን ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት ነርሷ ጠራችን፤ እኔም ነርሷን አመሰገንኳት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሲኦል ነው ብል ማጋነን አይደለም። ማታ ስመለስ ልክ ከመግባቴ በፊት ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ስገባ ሶፋው ላይ ናት፤ ክራንቹ መሬት ላይ፣ በረዶ የተሞላ ላስቲክ ጉልበቷ ላይ። «እንዴት ዋልሽ?» እላለሁ። «ፋይን» ትላለች። አለቀ። አንድ ቀን ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያልኩ ተለማመድኩ፣ እንደ ተማሪ። ወጥቼ «ፒዛ ልዘዝልሽ?» አልኳት። ከነገርኳት ምን ይቀረኛል? በዚህ አገር ለልጄ የማደርግላት አንድ ነገር አገኘሁ ብዬ፣ እሱም ይኸው ሆነ። ደግሞም የስለቱ ጥፋት መሆኑ ተረጋግጧል እንዴ? ምናልባት እኮ በረዶው ነው፤ ምናልባት ፈጥና ነው። እንዲህ እያልኩ ስልኬን አወጣና እንደገና አያለሁ። ስኪው ይነክሳል። ይቀራል። እሷ ትሄዳለች።

እሁድ ሲዋርድ የሚባለው ሰፈር ወዳለችው ቤተክርስቲያናችን ሄድን። ፓስተሩ ልጄን በክራንቿ ወደ ፊት አስመጥቶ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ጉባኤው እጁን ዘርግቶ ጸለየላት። «ጠላት በዚህች ልጅ ላይ ያሰበው ይፍረስ!» ሲል ሕዝቡ «አሜን!» አለ። «ጉልበቷን የመታ ጠላት ዛሬ ይመታ!» «አሜን!» እኔም አሜን አልኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሁሉም እያየኝ ነው። ጠላት የተባለው ሰውዬ ከረባት አስሮ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሟል። ከጸሎቱ በኋላ ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። «እግዚአብሔር በሕይወት ስላተረፋት አመስግን እንጂ» አለችኝ። ወገቤን ያዝ አደረገኝ ብዬ አልተነሳሁም። ስንወጣ አንዱ የቅርጫ ጓደኛዬ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ፣ ይሄም ያልፋል። ለፋሲካ ያው በቢላዋህ ተማምነናል» አለኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ መሪውን ይዤ ቀረሁ፤ ቁልፉን ማዞር ረሳሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ራት ላይ ወሬውን አመጣችው። «አይም ደን» አለች። ስኪ አበቃኝ ማለቷ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላም አልመለስም፣ ጎበዝ ስላልሆንኩ ጊዜዬን አላባክንም አለች። ስኪዎቹን ለቡድኔ ልጅ፣ የራሷ ስኪ ለሌላት ለአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልሰጣት ነው፤ ሐሙስ ትምህርት ቤት አድርሱልኝ አለችን። ባለቤቴ «ተመስገን!» ብላ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። እኔ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። የሰው ልጅ፣ የማላውቃት የአስራ አራት ዓመት ልጅ፣ በኔ ሞረድ በተሳለ ስኪ ስትወርድ ታየኝ።

ረቡዕ የእረፍት ቀኔ ነው። ጠዋት ስኪዎቹን ይዤ ወደ አንድ የስኪ መጠገኛ ሄድኩ። ሰውዬው ሸምገል ያለ ነጭ ነው፣ ሽርጡ በሰም ተለውሷል። ስኪውን አንስቶ ወደ መብራቱ አዞረና ጥፍሩን ጠርዙ ላይ አሳለፈ። ቆም አለ። ሌላኛውንም ወሰደና እንደዚያው አደረገ።

«ማነው ይህንን የሠራው?» አለኝ።

«አላውቅም። ከሰው የገዛሁት ነው» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ጴጥሮስ እንኳ ሲክድ ቢያንስ ዶሮ ጮኾለታል።

«የሠራው ሰው ብዙ ለፍቶበታል» አለ ሰውዬው። «በእጁ ነው የሠራው፣ በትዕግሥት። ግን ምን እየሠራ እንደነበር አያውቅም። በዚህ የወረደ ሰው ካለ በሕይወት መኖሩን ጠይቅ።»

ከዚያ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ስለሆነ፣ ሳልጠይቀው እያሳየ አስረዳኝ። ከታች በኩል ብረቱ ከበረዶው የፀጉር ያህል ሸሸት ማለት አለበት፤ ያኔ ስኪው ቀጥ ሲል ይንሸራተታል፣ ስታዘነብለው ብቻ ይይዛል። ይሄኛው ግን ሁልጊዜ ይይዛል፣ ሳትፈልገውም ይይዛል። ያችን ሻካራ ክር በአልማዝ ድንጋይ አሽቶ ማጥፋት ግድ ነው፤ እሷ ናት ሳይታሰብ ነክሳ የምታስቀር። አፍንጫውና ጭራው ደግሞ ጭራሽ መደነዝ አለባቸው። እያንዳንዱን ሲናገር እጄ ያደረገው ነገር አንድ በአንድ ይመጣብኝ ነበር። አንዱንም አልሳትኩም፣ ሁሉንም አበላሽቻለሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ምነው በንፍጥ ብቻ በቀረልኝ! ሰውዬው ድንጋዩን ውሃ ውስጥ እየነከረ ሲያሸው ቆሜ አየሁት። ሲጨርስ በጥፍሩ ነካው፣ «አሁን ማንም ልጅ ሊወርድበት ይችላል» አለኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ወንድ ልጅ ነኝ ምናምን የለም፤ ጮኼ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ ሰይጣን መጣ፣ የፓስተሩ ሳይሆን የኔ። ተስተካክሏል እኮ፣ አለኝ። ማስረጃው ታሽቶ ጠፍቷል። ስኪውን የምትወስደው ልጅ አትጎዳም። ያንተም ልጅ አቁማለች፣ ሚስትህ ደስ ብሏታል፣ ማንም አያውቅም። ዝም አይነቅዝም። እስከ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ድረስ ይህንኑ ሲያንሾካሹክልኝ ነዳሁ።

ቤት ስገባ ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ሶፋዋ ላይ ነበረች። ባለቤቴ ለመምጣት ግማሽ ሰዓት ይቀራታል። ጃኬቴን ሳላወልቅ መሬት ላይ፣ እግሯ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ስኪሽን አሠራሁት» አልኳት።

«ጉድ» አለች በእንግሊዝኛ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

«ስሚኝ ልጄ። የጣለሽ ስኪው ነው። ጎበዝ ስላልሆንሽ አይደለም። በደንብ አልተሳለም… በጣም ተስሎ… እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የጣልኩሽ።»

ስልኳን ደረቷ ላይ አስቀመጠች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮኽ ደስ ባለኝ። «አይ ኖው» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

በእንግሊዝኛ ነው የነገረችኝ፤ እኔ በአማርኛ አስቀምጠዋለሁ። ከውድድሩ በፊት ለማሟሟቂያ አንዴ ወርዳ ነበር። ገና ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስኪው እግሯን ነጥቋት ለጥቂት ተርፋለች። ወደ ላይ ስትመለስ አንዷ የቡድኗ ልጅ ጠርዙን በጥፍሯ ነክታ «በዚህ እንዳትወርጂ፣ ይገልሻል፤ የኔን ትርፍ ስኪ ውሰጂ» ብላታለች። ቁመቱም ልኳ ነበር፤ ጫማዋም ይገባበት ነበር።

«ታዲያ ለምን?» አልኳት። «ለምን አልወሰድሽም?»

«ታች ቆመህ ነበር» አለች። «ስልክህን ይዘህ። በሁለት ዓመት አንድ ቀን መጣህ። የሰው ስኪ አድርጌ ብወርድ ታየኝ ነበር።»

«አልቆጣም ነበር እኮ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ውሸቴን እኔም ሰማሁት።

«እሺ፣ ጎበዝ አይደለሁም እያልሽ ለሰው ሁሉ የምትናገሪው?»

«ምን ልበል? አባቴ ነው ልበል?»

ሦስት ሳምንት እኔ ስደብቃት የከረምኩት ነገር እሷ ለኔ ስትደብቅልኝ ከርማለች። እኔ ለራሴ፣ እሷ ለኔ። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ከዚያ እንደሚሰምጥ ሰው ያገኘሁትን ያዝኩ። «እንግዲያው አታቁሚ» አልኳት። «ትድኛለሽ፣ ሐኪሙ ብሏል። እውነቱን ካወቅሽው ለምን ታቆሚያለሽ?»

መልሱን በአማርኛ ነው የሰጠችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እየፈለገች። «ከቀጠልኩ፣ እንደገና ትስልልኛለህ። እኔ እምቢ ልልህ አልችልም። ስለዚህ ባቆም ይሻላል።»

ልጄን እጄን አንስቼ መትቻት አላውቅም። በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ። «እምቢ በይኝ» አልኳት። «አሁን፣ እዚሁ። አትንካብኝ በይኝ።» ክራንቿን ወደ ራሷ ሳበች። «በናትሽ፣ ልጄ፣ አንድ ጊዜ እምቢ በይኝ!» ስል ደግሞ ያ ድምፄ ሳላውቀው ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ትከሻዋ ሰብሰብ ሲል አየሁት። አፌን በመዳፌ ያዝኩ። «ዳድ፣ ፕሊስ፣ ተነስ» አለችኝ።

የጋራዡ በር ሲከፈት ተሰማ። ልጄ በፍጥነት ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ማሚ መጣች። ሂድ ፊትህን ታጠብ» አለችኝ በሹክሹክታ። አልተነሳሁም። ባለቤቴ ገባችና እኔን መሬት ላይ፣ እሷን ሶፋው ላይ አየችን። «ምን ሆናችኋል?» አለች።

ልጄ ቀደመችኝ። «ምንም። ጉልበቴን አሞኝ ዳድ እየጸለየልኝ ነው።»

«አልጸለይኩም» አልኩ። «ልጅቷን የጣልኳት እኔ ነኝ። ስኪውን እንደ ቢላዋ ስዬው ነው። ታውቅ ነበር፤ እኔን ፈርታ ነው የወረደችበት።»

ባለቤቴ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወደ ልጃችን ዞረች። «እውነቱን ነው?» አለቻት።

ልጄ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ልናገር ወይ ብላ በዓይኗ ፈቃዴን ጠየቀችኝ። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳት። «አዎ» አለች።